ሳምንቱን ማገልገል፣ ቅዳሜን መጎብኘት፦ ከሞምባሳ የቀረበ ጥያቄና የመጡለት መልሶች

የመክፈቻው ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አዲስ አበባ ከምትገኘው ቤተ ክርስቲያኔ ተልኬ በኬንያ የባሕር ጠረፍ፣ በሞምባሳ ሊኮኒ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ከጀመርኩ ሰባተኛ ወር ሆኖኛል። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ጠዋት ለወጣቶች ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናትን በእንግሊዝኛና በሒሳብ አግዛለሁ፤ ሲመሽ ደግሞ ከአጥቢያው አገልጋዮች ጋር ቤት ለቤት እየዞርን ሕመምተኞችን እንጠይቃለን፣ እንጸልያለን። እሁድ የአምልኮ ቀን ነው። ሰኞ መጋቢው የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ ግቢው ዝግ ሆኖ ይውላል፤ እኔም ልብሴን አጥባለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ቅዳሜን ግን ለራሴ ይዤው ቆይቻለሁ።

በእነዚህ ቅዳሜዎች ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የገነቡትን ፎርት ጂሰስ የተባለ ምሽግ ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። ማሊንዲ ሄጄ የቫስኮ ዳ ጋማን ዐምድ ተመልክቻለሁ። ቀጥሎ ያሰብኩት ከሞምባሳ ብዙ የማትርቀውን ራባይን ነው፤ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር የነበረው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ሚስቱን የቀበረው እዚያ ነውና። የኪሊማንጃሮን በረዶ ከአውሮፓውያን ሁሉ ቀድሞ ያየውም እርሱ ነው።

ባለፈው ወር በምሽጉ ግንብ ላይ ቆሜ የተነሣሁትን ፎቶግራፍ ለወዳጆቼና ለደጋፊዎቼ ላክኩ። በማግስቱ ከደጋፊዎቼ አንዱ የሄድኩት ለአገልግሎት እንደሆነ ወይስ ለሽርሽር እንደሆነ ጠየቁኝ። መልስ ጽፌ አጠፋሁት፤ ደግሜ ጽፌ ደግሜ አጠፋሁት። ለዚህም ነው እናንተን የምጠይቀው። በሰው መዋጮ የተላከ አገልጋይ በዕረፍት ቀኑ ታሪካዊ ቦታዎችን ቢጎበኝ ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ ልኩ የቱ ላይ ነው?

መልሶቹ ብዙ፣ አንዳንዶቹም ረጃጅም ስለሆኑ ዘግይተው ለሚገቡ አንባቢዎች በየተራ ቁጥራቸው ጨምቄ አስቀምጫቸዋለሁ። ያስቀመጥኩት ሐሳባቸውን እንጂ ቃላቸውን አይደለም፤ የእኔ አስተያየት ያለበት ቦታ በግልጽ ይታወቃል።

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መልስ ሰጪ ከማሊንዲ ብዙም በማይርቅ ክሊኒክ ለሁለት ዓመት በነርስነት ያገለገለች እኅት ናት። በአክብሮት ሰላምታ ከጀመረች በኋላ የራሷን ታሪክ ነገረችን። የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት አንድ ቀን እንኳ ሳታርፍ ነበር የሠራችው፤ ይህንንም ትጋት ብላ ትቆጥረው ነበር። አንድ ዓርብ ግን ልጅዋን አዝላ ወረፋ በምትጠብቅ እናት ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጮኸችባት፤ ሴትየዋም አንዲት ቃል ሳትናገር ሰልፏን ትታ ሄደች። በማግስቱ በዕድሜ የምትበልጣት የአገሩ ነርስ እጇን ይዛ ጌዲ ወደምትባል ጥንታዊ የስዋሂሊ ከተማ ፍርስራሽ ወሰደቻት። በኮራል ድንጋይ የተሠሩት የመስጊዱና የቤተ መንግሥቱ ግድግዳዎች በዛፍ ሥር ተጠላልፈው ቆመዋል፣ የጉድጓድ ውኃዎቹ አፍ ገና ክፍት ነው፣ ጦጣዎቹ በግንቡ ላይ ይሯሯጣሉ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጠው እስኪመሽ ድረስ ስለ ሥራው ምንም አልተነጋገሩም። በሚቀጥለው ሰኞ ያቺን እናት ቤቷ ድረስ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀቻት። ዕረፍት የሌለው አገልጋይ በመጨረሻ የሚጎዳው ሊያገለግለው የመጣውን ሰው እንደሆነ ጽፋለች።

መልስ 2

ሁለተኛውን መልስ የሰጡት በሐዋሳ የአንድ አጥቢያ ሽማግሌ የሆኑና ለረጅም ዓመታት የመልእክተኞችን መዋጮ ሲያሰባስቡ የኖሩ አባት ናቸው። ቁጣቸውን አልሸሸጉም፤ ነገር ግን ቁጣቸው ምክንያት ነበረው። በእርሳቸው አጥቢያ በየወሩ መጀመሪያ ቆሎ ሸጠው የሚተዳደሩ አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ለተልእኮ ሣጥን ብር ያስገባሉ። ብሩ ብዙ ጊዜ የላበና የተጨማደደ ስለሆነ፣ ሽማግሌው ከመቁጠራቸው በፊት በመዳፋቸው ያስተካክሉታል። አንድ ቀን እኒህ እናት የሚደግፉትን ወጣት ማየት እንደሚፈልጉ ነገሯቸው። ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው የላከውን ፎቶግራፍ ሁሉ አሳዩአቸው፤ በሰባት ወር ውስጥ አሥራ አንዱ የድንጋይ፣ ሁለቱ የመማሪያ ክፍል ነበሩ። እናትየዋ አልተቆጡም፤ ልጆቹ የት እንዳሉ ብቻ ጠየቁ።

ሽማግሌው ጉብኝቱን አጥብቀው እንደማይቃወሙ፣ የሚቃወሙት ዝምታውን እንደሆነ ገልጸዋል። አገልጋዩ ስለ ሥራው ሳይጽፍ ስለ ሽርሽሩ ብቻ ሲልክ፣ ላኪዎቹ የቀረውን ጊዜ በምን እንደሚያሳልፈው ለማወቅ ሌላ መንገድ የላቸውም። ይህን መልስ ካነበብኩ በኋላ የራሴን ስልክ ከፍቼ የላክኋቸውን ፎቶግራፎች ቆጠርኩ። ቁጥሩ ከእርሳቸው ብዙ የሚርቅ አልነበረም።

መልስ 3

ይህ አጭር ነበር። ጸሐፊው ከሁለተኛው ጋር ሙሉ በሙሉ እንደሚስማማ ገልጾ ከዚያ አልፎ ሄደ። የአጭር ጊዜ ተልእኮ የሚባለው ነገር በመሠረቱ በጸሎት ተጀምሮ በጸሎት የሚዘጋ የቱሪስት ጉዞ እንደሆነ፣ የአውሮፕላኑ ገንዘብ ለአገሩ ወንጌላዊ ቢሰጥ የበለጠ ሥራ እንደሚሠራ፣ መጎብኘት የሚፈልግ ሰው በራሱ ደመወዝ ይጎብኝ እንጂ በቤተ ክርስቲያን ስም መውጣት እንደሌለበት ጻፈ። በቃሉ ተጎድቻለሁ፤ ስለ አገሩ ወንጌላዊ ያነሣው ነጥብ ግን እውነት ስላለበት አላልፈውም።

መልስ 4

በደብረ ብርሃን ታሪክ የሚያስተምሩ መምህር በትሕትና ጀምረው ሁለት ስሕተቶቼን አረሙ። አንደኛ፣ ክራፕፍ ሚስቱን ሮዚንን የቀበረው ራባይ ላይ አይደለም። እርሷ በሞምባሳ ያረፈችው ሐምሌ 13 ቀን 1844 ነው፤ መቃብሯም ከሞምባሳ ደሴት ማዶ በኒያሊ በኩል ይገኛል። ራባይ የተልእኮ ጣቢያ የሆነችው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ባልደረባው ዮሐንስ ሬብማን በ1846 ሲደርስ ነው። ሁለተኛ፣ በግንቦት 1848 ኪሊማንጃሮን ያየው ሬብማን እንጂ ክራፕፍ አይደለም፤ ክራፕፍ ያየው የኬንያን ተራራ ነው፣ እርሱም በታኅሣሥ 1849። በምድር ወገብ አካባቢ በረዶ አለ ብለው ሲጽፉ በአውሮፓ የነበሩ አንዳንድ ምሁራን አላመኗቸውም ነበር።

መምህሩ ከእርማቱ ቀጥለው የጻፉት ግን ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ነው። ክራፕፍ ከ1839 ጀምሮ በሸዋ ተቀምጦ በ1842 ወደ ግብፅ ወረደ፤ እዚያም ሮዚንን አግብቶ ከእርሷ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ሞከረ፤ መንገዱ ግን ተዘጋበት። በ1843 በምጽዋ በኩል ሲጓዙ ሮዚን በበረሃ፣ ጊዜዋ ያልደረሰ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ወላጆቿ ያወጡላት ስም የእኛው ቋንቋ ቃል ነው፦ እንባ። በሚቀጥለው ዓመት ሞምባሳ ላይ እናቲቱና ሁለተኛዋ ሕፃን በቀናት ልዩነት አረፉ። ክራፕፍ ግን አልተመለሰም፤ ስዋሂሊ ተምሮ መተርጎሙን ቀጠለ። በመሆኑም አንድ ኢትዮጵያዊ አገልጋይ በዚያ መቃብር ፊት ቢቆም የሥራውን ሥር እያየ ስለሆነ እንደ ሽርሽር ሊቆጠርበት እንደማይገባ መምህሩ በብርቱ ተከራክረዋል።

መልስ 5

አምስተኛው ጸሐፊ በመምህሩ ላይ የሰላ ቃል ሰነዘረ። ክራፕፍን እንደ ቅዱስ ማቅረቡ ተገቢ አለመሆኑን፣ ሰውየው በ1841 ወደ ሣህለ ሥላሴ የመጣውን የሻለቃ ሃሪስን የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን የረዳ እንደነበር አስታወሰ። ሚስዮናውያን በዕረፍትም ሆነ በሥራ ቀን ተራራና ወንዝ እያዩ የጻፉት ማስታወሻ ኋላ ቅኝ ገዢዎች መንገድ የመረጡበት ካርታ ሆኗል። ማየት ብቻውን ንጹሕ ነገር አይደለም፤ የታየው ሰው ምን እንደተጻፈበት የማወቅ መብት አለው። መምህሩ በዚያው ዕለት ማታ ተመልሰው፣ የእንግሊዞቹን ጉዳይ እንደሚቀበሉ፣ ሆኖም ሚስቱንና ልጆቹን በየመንገዱ ቀብሮ የቀረ ሰው በዚህ አንድ ነገር ብቻ መመዘን እንደሌለበት አጭር መልስ ሰጡ። ክርክሩ እዚያው ላይ ቆመ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ከአምስተኛው መልስ በኋላ የሰው ቤትና የሰው ፊት ያለበትን ፎቶግራፍ ሳልጠይቅ ማንሣቴን ትቻለሁ።

መልስ 6

ላሊበላ ተወልዶ ያደገ አንድ ዲያቆን ነገሩን ገልብጦ አሳየን፤ ከመልሶቹ ሁሉ ይህ ነው ከእኔ ጋር የቆየው። እኛ ስለ ውጭ ጉዟችን ስንነጋገር፣ እርሱ የውጭ በጎ ፈቃደኞች ሲመጡበት የኖረ ሰው ነው። ሳምንቱን በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያዎች ሲሠሩ የሚሰነብቱ የውጭ ሚስዮናውያንና ተማሪዎች ለቅዳሜና እሁድ ወደ ላሊበላ ይመጣሉ። አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ስለሆኑ፣ ለእንግዳው ቅርስ ናቸው፤ ለዲያቆኑ ግን ሌሊቱን ቆሞ ያደረበት የጸሎት ቤት ናቸው። አንድ እሁድ ቅዳሴ ገና ሳያልቅ፣ የእናቶችን መስገጃ አልፎ በአፋፉ ላይ ካሜራ የተከለ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ሲነግሩት በአቅራቢያው ላለ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት የሠራ ሰው መሆኑን መለሰላቸው፤ ሥራው ፈቃድ የሰጠው ይመስል።

በሌላ ዓመት የመጣች አንዲት ልጅ ግን ጫማዋን አውልቃ በሴቶች በኩል ከእናቶች ጋር ቆመች። ቅዳሴው ሲያልቅ ቆሎ ዘግነው ሲሰጧት በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ቀጥሎም ቤተ ክርስቲያኑን ማን ሊያሳያት እንደሚችል ጠየቀች። እናቶቹ ራሳቸው እየመሩ አሳዩአት። እስከ ዛሬ ያቺ ልጅ ምን ደረሰች እያሉ ይጠይቁታል። ዲያቆኑ ጥያቄዬ ላይ ያለው ቅሬታ አንድ ነው፦ መጎብኘት ይገባል ወይ ብዬ ጠየቅሁ እንጂ ከማን ጋር እንደምጎበኝ አንድ ቃል አልጻፍኩም።

መልስ 7

ሰባተኛው ጸሐፊ ፎርት ጂሰስ የጦር ምሽግ እንጂ የጸሎት ቤት ስላልሆነ ከላሊበላ ጋር መነጻጸሩ ትክክል እንዳልሆነ ተናገረ፤ ከዚያም ነገሩን ወደ እምነት ክርክር ወሰደው። ሁለት ሦስት ሰዎች ተከትለውት ገቡ። ጥያቄዬ ስለዚህ እንዳልሆነ በትሕትና ስለ ጠየቅኋቸው አቁመዋል፤ ስለ መተዋቸው አመሰግናለሁ።

መልስ 8

በሞምባሳ ከአሥር ዓመት በላይ የኖረ ነጋዴ ወንድማችን በቀጥታ ወደ ተግባሩ ገባ። ቅዳሜ በባሕር ጠረፍ አብያተ ክርስቲያናት መዘምራን የሚለማመዱበት፣ ወጣቶች የሚሰበሰቡበት፣ እናቶች ለእሁድ ግቢውን የሚያጸዱበት ቀን እንደሆነ አስታውሶ፣ ሁሉም በሚሰበሰብበት ቀን ለምን እንደምጠፋ ጠየቀኝ። እኔ ስዋሂሊዬ ገና ስለሆነ ቅዳሜ አያስፈልጉኝም ብዬ ነበር የገመትኩት። እርሱ ግን ስዋሂሊ የሚለመደው ከመጥረጊያውና ከመዝሙሩ ጋር ቅዳሜ ነው ብሎ መለሰልኝ። መጋቢው ምንም አለማለታቸው ፈቃድ ሊመስለኝ እንደማይገባም ጨመረ፤ የባሕር ጠረፍ ሰው እንግዳን ፊት ለፊት አይነቅፍም፣ ይሉኝታ የእኛ ብቻ አይደለም። ምሽጉም ሆነ የራባይ ሙዚየም ሰኞም ክፍት ስለሆኑ አገልጋዮች የሚያርፉበትን ሰኞን እንድይዝ መከረኝ።

ሌሎች ምክሮቹም ጠቃሚ ነበሩ። ለጎብኚ በተሰጠ ፈቃድ ገብቶ ማገልገል በአስተናጋጆቹ ላይ ችግር ስለሚያመጣ ወረቀቱ አስቀድሞ መስተካከል አለበት። የመግቢያ ዋጋው ለአገሬው ሰውና ለውጭ ዜጋ ስለሚለያይ አብሮ የሚሄደው የአገሬው ሰው የሚከፍለው ከእንግዳው በጣም ያነሰ ነው። በድሮዋ ከተማ ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ መልበስ፣ ዓርብ በጸሎት ሰዓት ከመስጊዶቹ በር አለመቆም ይገባል። በጉብኝት ስም ገብቶ በዚያ ሰፈር የስብከት ወረቀት ማደል ደግሞ ከሰፈሩ ሙስሊሞች ጋር አብረው የሚኖሩትን የአካባቢውን ክርስቲያኖች ለጥርጣሬ የሚያጋልጥ ነው። ራባይ የሚሄድ ሰው ካያ የሚባሉትን የሚጂኬንዳ ሕዝብ ቅዱሳን ደኖች ያለ ሽማግሌዎቹ ፈቃድ እንዳይረግጥ አጥብቆ አሳስቧል። እነዚህ ደኖች በ2008 በዓለም ቅርስነት ቢመዘገቡም ዛሬም ሽማግሌዎቹ የሚጸልዩባቸው ቦታዎች ናቸው።

መልስ 9 እና 10

ዘጠነኛው ጸሐፊ የወጣቶች ቡድን ይዞ ወደ ሞምባሳ የመጣ ወንድም ነው። አንድ ቀን የሚያስተምሯቸውን ሃያ የሚሆኑ ልጆች ይዘው ወደ ፎርት ጂሰስ ሄዱ። ምሽጉ በጀልባ ማዶ ሲታያቸው ያደጉ ልጆች ናቸው፤ ከመካከላቸው ውስጡን ያየ አንድም አልነበረም። አስጎብኚው ዖማኖች ከ1696 እስከ 1698 ከበው ምሽጉን ከፖርቱጋሎች እንዴት እንደ ወሰዱት፣ ኋላም እንግሊዞች እንዴት እስር ቤት እንዳደረጉት ሲተርክላቸው፣ አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አንሥታ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ በውስጡ የነበሩት ሰዎች ውኃ ከየት ይጠጡ እንደነበር ጠየቀች። ጸሐፊው ሦስት ጊዜ ጎብኝቶ ይህን አስቦት እንደማያውቅ ነገረን። እኔም አስቤው አላውቅም።

አሥረኛዋ መልስ ሰጪ የሕፃናት ደኅንነት ጉዳይ የምትከታተል ባለሙያ ናት፤ ቃሏ ጠንከር ያለ ነበር። የወላጆች የጽሑፍ ፈቃድ ነበር ወይ? ለሃያ ልጅ ስንት ትልቅ ሰው ነበር? ጀልባው ላይ ማን ቆጠራቸው? ፎቶግራፎቻቸውስ የት ተለጠፉ? ልጆችን ለጉብኝቱ ሰበብ ማድረግ ከብቻ ሽርሽር የከፋ እንደሆነ ጻፈች። ዘጠነኛው ወንድም አልተከላከለም፤ ሁለቱን እንዳደረጉ፣ ሁለቱን ግን እንዳላደረጉ አምኖ አመሰገናት። እንዲህ ያለ መልስ በእንዲህ ያለ ክርክር ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

መልስ 11 እና 12

እዚህ ላይ ወሬው ትንሽ ዘወር አለ። አንደኛዋ በሞምባሳ የድሮዋ ከተማ በመዳብ ማንቆርቆሪያ የሚሸጠውን፣ ያለ ስኳር የሚጠጣውን ካሃዋ የሚባል ቡና ከእኛ ቡና ጋር አነጻጽራ ጻፈች፤ ሌላው ደግሞ የስዋሂሊው ካሃዋና የዐረብኛው ቀህዋ የአንድ ቃል ልጆች እንደሆኑ ጨመረ፤ በዚያም የስዋሂሊን ከዐረብኛ መዋስ አነሣ፣ ከዚያም የክራፕፍ የስዋሂሊ መዝገበ ቃላት ከሞተ በኋላ በ1882 እንደ ታተመ አስታወሰ። በመጨረሻ ከዚሁ ጉዳይ ጋር ያገናኘው ነጥብ ግን ጠቃሚ ነው፤ ቦታውን ለማየት ከመሄድ በፊት የቦታውን ሰዎች በቋንቋቸው ሰላም ለማለት መቻል ለጉብኝት ከሚከፈለው ሁሉ የመጀመሪያው ነው ብሏል።

መልስ 13

በጀርመን በሽቱትጋርት አካባቢ የምትኖር እኅታችን ክራፕፍ በ1881 ያረፈባት ኮርንታል ከቤቷ ቅርብ መሆኗን ጻፈች። የእኔን ጥያቄ እስክታነብ ድረስ ይህ ሰው አማርኛ ያውቅ እንደነበር አልሰማችም። ምክር አልሰጠችም፤ የኒያሊውን መቃብር ካየሁ እንድጽፍላት ብቻ ለመነችኝ።

መልስ 14

የሐዋሳው ሽማግሌ ተመለሱ። የሁሉንም መልስ እንዳነበቡ፣ በተለይ የነርሷንና የዲያቆኑን ቃል ለአጥቢያቸው ሽማግሌዎች እንዳነበቡላቸው ገለጹ። አቋማቸውን አልለወጡም፤ ቃላቸው ግን ለዘብ ብሏል። ከእኔ የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ በየወሩ የሚላከው ደብዳቤ መጀመሪያ ስለ ልጆቹና ስለ ሕመምተኞቹ እንዲናገር፤ ለጉብኝት የሚወጣው ገንዘብ ከመዋጮው ሳይሆን ከኪሴ እንዲሆንና ይህም እንዲጻፍ፤ ያየሁትን ነገር ደግሞ ቆሎ ሻጯ እናት እንዲገባቸው አድርጌ እንድተርክ። እርሳቸው ራሳቸው አንብበውላቸው የነበረው የመምህሩን መልስ ነው፤ እናትየዋም ስለዚያች እንባ ስለምትባል ሕፃን ደጋግመው ይጠይቃሉ።

የእኔ መልስ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ያለፉትን ሦስት ቅዳሜዎች ከመዘምራኑ ጋር ነበርኩ። መዝሙሩን ገና ጽሑፍ እያየሁ ነው የምዘምረው፤ ግቢውን በመጥረግ ግን አልታማም። መጋቢው ቅዳሜ ስመጣ ምንም አላሉኝም፤ ለሁለተኛው ቅዳሜ ግን ከራሳቸው ወንበር አጠገብ ወንበር አስቀምጠውልኝ አገኘሁ።

ባለፈው ሰኞ ደግሞ ምግብ የምታበስልልንን፣ ሁላችንም ማማ እያልን የምንጠራትን የአጥቢያዋን እናት ወደ ኒያሊ አብራኝ እንድትሄድ ጠየቅኋት። ዕድሜዋ ከስልሳ አልፏል። በሊኮኒ ጀልባ ከሕዝቡ ጋር ተጨናንቀን ቆመን ተሻገርን፤ ከደሴቲቱም ማታቱ የሚባለውን የሕዝብ ሚኒባስ ይዘን በድልድዩ በኩል ኮንጎዌያ ደረስን። በ1870ዎቹ ከባርነት ነፃ ለወጡ ሰዎች በተመሠረተችው በፍሬር ታውን ያለውን አሮጌ ደወል እርሷው አሳየችኝ፤ የባሪያ ነጋዴዎች ጀልባ ሲመጣ ሰዎችን ለማስጠንቀቅ ይደወል እንደነበር ከአያቷ ሰምታለች። ደወል በስዋሂሊ ኬንጌሌ ነውና ሰፈሩ ኬንጌሌኒ የሚባለው በዚሁ ደወል ምክንያት ነው። ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለውን መቃብር ግን በዚህ መንገድ ስትመላለስ አርባ ዓመት ሙሉ አይታው አታውቅም።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ ማማ ጫማዋን አወለቀች፤ ማንም አላዘዛትም። ሌሶ በሚባለው መጎናጸፊያ ጨርቋ ጫፍ ከድንጋዩ ላይ የደረቀውን ቅጠል ጠራረገች። ስለ ሮዚንና ከእርሷ ጋር ስለሞተችው ሕፃን፣ ቀጥሎም በእኛ አገር በኩል በረሃ ላይ ስለ ቀረችው ታላቅ እኅቷ በተሰበረ ስዋሂሊዬ ነገርኳት። የመጀመሪያዋ ልጅ ስም ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቃሉን ስለማላውቀው ጣቴን ከዓይኔ ሥር ወደ ጉንጬ አወረድኩ። ቾዚ፣ አለች፤ ቃሉን ሁለት ጊዜ ደገመችልኝና በእርሷ አፍ እንባ ማለትን ተለማመደች። ከዚያ ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ቆምን።

ፎቶግራፍ ላነሣት ስጠይቃት አልፈለገችም። ድንጋዩን ብቻ እንዳነሣና ቆሎ ለሚሸጡት እናት እንድልክላቸው ነገረችኝ፤ ታሪካቸውን ከሳምንት በፊት በወጥ ቤት አጫውቻት ነበር። ዛሬ ጠዋት ልኬዋለሁ፤ ለኮርንታሏ እኅታችንም እንዲሁ። ለክፍያዎቹ የተጠየቀውን መልስ እነሆ፦ መሄጃውን ከኪሴ ከፍያለሁ። ለመመለሻው ማታቱ ሒሳብ ልሰጥ ስል ግን ማማ እጄን ያዘች፤ የሌሶዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ፣ የተጨማደደውን ሽልንግ በመዳፏ አስተካክላ ለሁለታችንም ከፈለች።